ገመዱን የለካው ደንብ

ባለፈው መጋቢት ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ሰጡኝ። ስፈታው በመስታወት የተለበጠ የጋዜጣ ቁራጭ ሆኖ አገኘሁት። ከአሥር ዓመት በፊት እኔው የጻፍኩት ዜና ነው፤ ርእሱ «አንድም ተማሪ ያላቋረጠበት ትምህርት ቤት» ይላል። ከመካከላቸው አንድ ወጣት ተነሥቶ «ከጋሽ ደሳለኝ ሥራዎች ሁሉ አገር የሰማው ይህን ነው» አለና የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንቀጾች ጮክ ብሎ አነበበ። ተጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ ተቀመጥኩ።

ሰው ፊት ቁጣዬን የማውጣት ልማድ የለኝም፤ ያን ቀንም አላወጣሁም። ነገር ግን ያ ዜና በሥራ ዘመኔ የሠራሁት ትልቁ ጥፋት ነው። በውስጡ አንድም የተሳሳተ ቃል የለም። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሰዎቹ ስምና ማዕረግ ትክክል ነው፤ ተባለ ያልኩት ሁሉ ተብሏል። እንዲህ እውነት በእውነት ሆኖ የተሠራ ጥፋት በመስታወት ተለብጦ ሲሸለም ማየት እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

አምቦ የተመደብኩት ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ተቀምጬ ከየጠቅላይ ግዛቱ በስልክ የሚመጣ ዜና እየሰማሁ የምጽፍ ተቀባይ ነበርኩ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ሌላ ሰው ያየውን ስጽፍ ስድስት ዓመት አለፈ። ስለ ደመወዝና ስለ ውሎ አበል ብዙ አልልም፤ ጥቂት ነበር፣ ዘግይቶም ይመጣ ነበር። ዘገባ የምልከው ከቴሌ ነው። የስልኳ ክፍል በሯ ስለማይዘጋ የአምቦ ሰው ዜናዬን ከአገሩ ሁሉ ቀድሞ ወረፋ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የተሳሳትኩት ካለም እዚያው ያርመኛል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። እኔ ስመጣ በአምቦ ዘጋቢነት ብዙ ዘመን የቆዩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በብዕር አይጽፉም፤ «ብዕር ዝናብ ሲነካው ይክዳል» ብለው ከኮታቸው ኪስ ሁለት እርሳስ አይለዩም ነበር። ደብተራቸውን ሲገልጡ በግራው ገጽ ላይ ብቻ ይጽፋሉ። የቀኙን ገጽ ባዶ ይተዉታል።

«ወረቀት አይባክንም?» አልኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት።

«ግራው ያየኸው ነው። ቀኙ ያልጠየቅከው ነው» አሉኝ። «ግራው ላይ 'በሩ ተዘግቷል' ብለህ ከጻፍክ፣ ቀኙ ላይ 'ማን ዘጋው?' ብለህ ጻፍ። ቀኙ ገጽ መልስ ሳያገኝ ቴሌ እንዳትሄድ።»

ሁለት ሌላ ልማድም ነበራቸው። አንደኛው፣ ስለ አንድ ሰው ሊጽፉ ሲሆን ያ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ሄደው ይቀመጣሉ። ዳኛ ከሆነ ወንበሩ ላይ፣ እስረኛ ከሆነ መደቡ ላይ። ሁለተኛው፣ አስተናጋጆቹ እንዲያናግሩን ያቀረቡልንን ሰዎች ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ ያልቀረበውን ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ጌዶ አካባቢ ተበላሽቶ የነበረ ወፍጮ ተጠግኖ ሥራ ጀመረ ተብለን ሄድን። ወፍጮው ይጮኻል፣ ዱቄቱ ይወርዳል፣ ሊቀመንበሩ ይናገራል። ጋሽ ተሰማ ከሰልፉ መጨረሻ እህል ተሸክመው ወደ ቆሙ አንዲት ሴትዮ ሄዱና በኦሮምኛ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው ጠይቀው ረጅሙን ሰላምታ ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ወፍጮው ያነሡት። ሴትዮዋ ሳቁ። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሠራል። እናንተ ብትሰነብቱልን እኛም እንፈጭ ነበር» አሉ። የላክነው ዜና እሱን ነው።

ጋሽ ተሰማ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ሲሄዱ እርሳስ እንጂ ሌላ ነገር አላወረሱኝም። እኔም ለጥቂት ዓመታት እንደሳቸው ሠራሁ። በኋላ ግን ዘመኑ የአርአያ ዘመን ሆነ። አርአያ ገበሬ፣ አርአያ ማኅበር፣ አርአያ ቀበሌ። ዋና አዘጋጃችን በስልክ «ችግር ብቻ አትላክልኝ፤ ችግሩን የፈታ ሰው ላክልኝ» ይለኝ ነበር። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የሚጠየቀውን ይጠይቀኝ ነበር። እኔ ግን ቀስ በቀስ የቀኙን ገጽ መሙላት ተውኩ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በደራበት ጊዜ ነው ስለዚያ ትምህርት ቤት የሰማሁት። ከአምቦ በስተምዕራብ፣ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ ውስጥ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። በዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ ይመዝገብ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ ችግሩ የተመዘገበው አለመቆየቱ ነው። ለአጨዳ ይቀራል፣ ለገበያ ይቀራል፣ ሲቀጣ ይጠፋል። በዚያ ትምህርት ቤት ግን ከመስከረም ጀምሮ አንድም ልጅ አልቀረም ተባለ። በጥር ወር አንድ ቀን የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ዲሬክተሩ ወፍራም፣ ደስተኛ፣ ካኪ የለበሰ ሰው ነው። «ጓድ ጋዜጠኛ፣ በቃሌ አይመኑኝ! መዝገቡም ልጆቹም እነሆ፤ ይቁጠሩ!» አለኝ። ቆጠርኩ። ክፍል በክፍል እየገባሁ የስም መጥሪያውን ከራሶቹ ጋር አስተያየሁ። አንድም አልጎደለም።

ሁለተኛ ክፍል ስንገባ ልጆቹ በሙሉ ብድግ አሉ። ከሰማንያ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ግድግዳው ጥግ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለች ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ግን ልኳ ያልሆነ ጥቁር የጎማ ቦቲ ተጫምታለች። ጥር ነው። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ዝናብ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖታል።

«ያቺ ልጅ?» አልኩ።

«ጫልቱ ትባላለች» አለ ዲሬክተሩ። «አትሰማም፣ አትናገርም። ሌላ ቦታ ብትሆን ሦስት ቀን አትቆይም ነበር። እኛ ጋ ግን ይኸው አለች።»

«እንዴት አቆያችኋት?»

«በልዩ ክትትል። በወላጅ ፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ሰነድ አለን።»

መምህሯ የሺ የምትባል ወጣት ናት። ይህ ሲባል ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ዓይን አፋር ናት ብዬ አለፍኩ። ቢሮ ገብተን ሻይ ቀረበልኝ፤ ሰነዱም መጣ። በአማርኛ የተጻፈ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት፣ ከግርጌው የአባቷ የአቶ ገመቹ የጣት አሻራ ያረፈበት ወረቀት ነው። «ልጄ በልዩ ክትትል እንድትያዝ ፈቅጃለሁ» ይላል። እያነበብኩ ሳለ ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ ለዕረፍት ወጡ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ደብተሬ አሁን ፊቴ ተዘርግቷል። በግራው ገጽ ላይ በራሴ እጅ «ጫልቱ፣ ጥቁር ቦቲ» የሚል አለ። የቀኙ ገጽ ባዶ ነው።

ዜናው በራዲዮ ተነበበ፤ በጋዜጣም ወጣ። «በወላጆች ፈቃድ በሚደረግ ልዩ ክትትል» የሚለው ሐረግ የእኔ ነው። ዲሬክተሩ አምቦ ተጠርቶ ልምዱን አካፈለ። የሌሎች ትምህርት ቤቶች ዲሬክተሮችም እየሄዱ ጎበኙ፤ ምን እንዳዩም ለእኔ የነገረኝ የለም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ የገበያ ቀን፣ አንድ ገበሬ ቢሮዬ ገቡ። «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ?» አልኳቸው፤ ደህና ነዎት ወይ፣ ጌታዬ ማለቴ ነው። ሰላምታዬን አልመለሱም። በዚያ አገር ሰላምታ ያልመለሰ ሰው የመጣው ለቀላል ነገር አይደለም። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነጠላ ቦቲ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አቆሙት።

«ታውቀዋለህ?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ቦቲ ነው።»

«የማን?»

«የልጅዎ።»

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለት ነው። «በራዲዮ 'በወላጅ ፈቃድ' ያልከው እኔን ነው?»

ተቀመጡ ብላቸው እምቢ ብለው ቆመው ነገሩኝ። በጥቅምት ወር ዲሬክተሩ አስጠርቶ «ልጅህ ጎበዝ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ጫማ ሸልሟታል» ይላቸዋል። ቦቲውን ሲቀበሉ «መረከብህን በጣትህ አረጋግጥ» ተብለው ያረጋግጣሉ።

«አመሰገንኩ» አሉ። «ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ። ሴቶቹ ባለቤቴን 'ባልሽ ባዶ እግሩን ሲሄድ ልጅሽ እንደ ወታደር ቦቲ ተጫማች' እያሉ ቀለዱባት። ተሳሳቅን። ልጅቷ ማታ ልናወልቅላት ስንል ታለቅስ ነበር። ሊወስዱብኝ ነው ብላ ነው አልንና ተውናት። አብራው ተኛች። ሽታው ሲመጣ ነው ያወቅነው።»

ጫማውን አነሣሁት። ጋሽ ተሰማ ነገርን በእጅ መዳሰስ ያስተማሩኝን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት፤ ረፍዷል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጎማው ዙሪያውን ተፍቆ ነጥቷል። «የገመድ መስመር ነው» አሉ፤ የቀረውንም ነገሩኝ። ልጅቷ ከክፍል እየወጣች ወደ መንገዱ ትሮጣለች ተብሎ ከዴስኩ እግር ጋር በገመድ ታስራ ትማር ነበር። መጀመሪያ በባዶ እግሯ ታሰረች፤ ቆዳዋ ተላጠ። ቦቲው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁስሉን ሸፈነው፤ በላዩ ላይ መታሰሩ ቀጠለ፤ ውስጡ መገለ። ያን ጊዜ ልጅቷ አምቦ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

«ምን ላድርግልዎ?» አልኳቸው።

«ራዲዮው የተናገረውን ራዲዮው ይመልሰው። ልጄም ሳትታሰር ትማር። ሌላ የምፈልገው የለም።»

እሑድ ሆስፒታል ሄጄ አየኋት። እግሯ ድኗል፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን አልታጠፍ ብሎ ቀርቷል። ሐኪሙ ከእንግዲህ እየጎተተች ነው የምትሄደው አለኝ። ልጅቷ ስታየኝ እግሯን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሸሸገች።

በማግስቱ ሰኞ ለማንም ሳልናገር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የሺን ደጃፍ ላይ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ሰማንያ ስድስት ልጅ ነው ያለኝ» አለችኝ ገና ሳልጠይቃት። «አንድ ቀን የጭነት መኪና ሊደፈጥጣት ሲል ፍሬን ሲጮኽ ሰምቼ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ገመዱን ሲያመጡልኝ እምቢ አላልኩም። የማስራት እኔ ነበርኩ።»

«ለምንድን ነው የምትሮጠው?»

«ባለጌ ናት አሉኝ። ተቀበልኩ።»

ጫልቱ ትቀመጥበት የነበረው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አልገባም፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። ገመዱ ከዴስኩ እግር ላይ እንደተቋጠረ ነበር፤ ከፊት ለቆመ ሰው አይታይም። ከጥዋት እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ እዚያ ዋልኩ። ከዚያ ቦታ መምህሯ አትታይም፤ ከፊት ያሉት ልጆች ይሸፍኗታል። የሚታየው መስኮቱ ነው። በመስኮቱ አንድ ዛፍ ይታያል፤ በዛፉ ላይ እንደ ደወል የሚመታው የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል።

ዘበኛው የግቢውን በር ቁልፍ ከፍቶ ወደ ዛፉ ሄደ፤ በብረት መታው፤ ልጆቹ ወጡ። ከዕረፍት በኋላ እንደገና ወደ ዛፉ ሄደ፤ አሁን ግን ፍየል ሊያባርር ነው። ቀትር ላይ ደግሞ ሄደ፤ ካፖርቱን ቅርንጫፍ ላይ ሊሰቅል። በሩን ሁልጊዜ እንደከፈተ ነው የሚተወው።

ወጥቼ ዘበኛውን ጠየቅኩት። «ጫልቱን ታውቃታለህ?»

«እሷን የማያውቅ ማን አለ! ወደ ዛፉ በተራመድኩ ቁጥር ከክፍል በርራ ትመጣለች። የወለድኳቸው እንኳ እንዲህ አይከተሉኝም። የምትወደኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

አትሰማም። ልጆች የሚወጡት ያ ሰውዬ ወደ ዛፉ ሲሄድ መሆኑን በዓይኗ ተምራለች። እሱ ሲሄድ እሷም ትወጣለች፤ እንደ ማንኛውም ልጅ በክፍቱ በር አልፋ ወደ ቤቷ፣ መንገዱን ተሻግራ። በዚያ ክፍል ውስጥ ደንብ ስታከብር ለመታሰር የበቃችው እሷ ብቻ ናት። አምስት ወር ሙሉ ገመድ የቋጠረ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ቦታዋ ላይ ተቀምጦ አላየም። እኔም አላየሁም።

ለየሺ ያየሁትን ነገርኳት። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጥጉ ሄደች፤ ገመዱን በጥርሷ ፈትታ አወጣችው።

ዘገባውን ጽፌ ከቴሌ ላክሁ። ዋና አዘጋጁ ስልኩን ራሱ አነሣው።

«ደሳለኝ፣ አርአያ ያልነው እኮ እኛ ነን።»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እርምት አውጣልኝ።»

«እርምት የሚወጣው ስም ሲሳሳት ነው። ስም ተሳስተሃል?»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንግዲያውስ ምኑን ላርም? ጉዳዩን ለሚመለከታቸው አስተላልፋለሁ።»

አስተላለፈ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የማን እንደነበር ስሙን አልጽፍም። ስብሰባው ላይ ኦቦ ገመቹን ይዤ ሄድኩ። ቦቲውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ተሰብሳቢዎቹ አዩት፤ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ትንሽ ቆይቶ ጸሐፊው ወረቀት ሊዘረጋ ፈልጎ ቦታ ሲያጣ ቦቲውን አንሥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

ስለ ዛፉ፣ ስለ ቸርኬውና ስለ ዘበኛው በዝርዝር ተናገርኩ። ሰብሳቢው «ጠቃሚ አስተያየት ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ። ተያዘ። ከዚያ ወደ ዋናው ሥራ ገቡ። ከቀትር በኋላ ያረቀቁት ደንብ ተነበበ። ተማሪን ማሰር ክልክል መሆኑን ይናገርና «ሆኖም» ይላል። ሆኖም ለተማሪው ለራሱ ደኅንነት አስፈላጊ ሲሆን፣ ገመዱ የጨርቅ ሆኖ፣ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ሳያንስ፣ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ላልበለጠ ጊዜ፣ መምህሩ በመዝገብ ላይ እየፈረመ ሊታሰር ይችላል።

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አወጡ። ያሉትን እኔ ተረጎምኩ።

«አንድ ክንድ ያላችሁት የማን ክንድ ነው? የእኔ ነው ወይስ የእሷ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም ፈገግ ብሎ «ኦቦ ገመቹ፣ ዝርዝሩን ለባለሙያ እንተወው» አለ። ሽማግሌው አልሳቁም። ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ እጃቸውን ዘርግተው ለራሳቸው ተመለከቱና ቦቲውን ከወለሉ አንሥተው ወጡ።

ለሰው ክፉ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ይህን ግን እጽፋለሁ። በዚያ ክፍል የተቀመጡት ሁሉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም ጨካኝ አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ የተጨነቁት ግን ስለ ገመዱ ነው። ከምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ማን እንደሚፈርምበት። ልጅቷ ለምን እንደምትሮጥ የታወቀ ነገር ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ተጽፎ ነበር። በሩን ዝጉ የሚል አንድ መስመር ግን ደንቡ ውስጥ አልገባም። እኔን ደግሞ የጠሩኝ ደንቡን እንደ መሻሻል እንድዘግብ ነው። የላክሁት የሽማግሌውን ጥያቄ ብቻ ነው። አልወጣም።

ጫልቱ ግን ተመለሰች። የመለሳት ደንቡ አይደለም፤ የሺ ናት። ከፊት፣ ከጠረጴዛዋ ትይዩ አስቀመጠቻት። ደወል ሲደወል ትከሻዋን ትነካታለች፤ ካልነካቻት ልጅቷ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ዘበኛውም በሩን መዝጋት ጀመረ፤ ካፖርቱንም ሌላ ቦታ ሰቀለ። ጫልቱ ዓመት ተኩል ያለ ገመድ ተማረች። ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እያልኩ አየኋት፤ የፊደል ገበታውን በዓይኗ ትውጠው ነበር። ኦቦ ገመቹም አንድ ቀን አምቦ ገበያ ላይ አግኝተውኝ ሰላምታዬን መለሱልኝ።

ከዚያ ተቆጣጣሪዎች መጡ። መዝገብ ጠየቁ። የገመድ መዝገቡ ባዶ ነበር።

ለየሺ የተጻፈላትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አሳይታኛለች፤ አንብቤዋለሁ። ልዩ ክትትል የሚያስፈልጋት ተማሪ በክፍሏ እያለች ደንቡ የሚያዝዘውን መዝገብ ሳትሞላ በመገኘቷ የሚል ነው።

«ሳላስራት ምን ብዬ ልፈርም?» አለችኝ።

በሚቀጥለው መስከረም ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረች። በቦታዋ የመጣው መምህር ሕግ አክባሪ ሰው ነበር። ገመዱ የጨርቅ ነበር፤ አንድ ክንድ ነበር፤ በየክፍለ ጊዜው ይፈታና እንደገና ይታሰር ነበር፤ መዝገቡም እየተፈረመ ሞላ። ኦቦ ገመቹ በሦስተኛው ቀን ሰሙ። ክፍሉ ድረስ ገብተው ቋጠሮውን ፈቱ፤ ልጃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ቤት ወሰዷት። መዝገቡ ላይ «አቋረጠች» ተብሎ ተጻፈባት።

ባለፈው ግንቦት መንግሥት ተለወጠ። ክረምቱ ሲገባ ደንቡ የተቀመጠበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው፤ አቧራውን አራግፎ ፋይሉን አወጣልኝ። ማኅተሙ አልደበዘዘም።

«ይህ ተሽሯል?» አልኩት።

«አልተሻረም። ግን ማን ይሠራበታል፣ ጋሼ?»

«አንድ ሰው ቢሠራበትስ?»

ገጹን ገለጠና አነበበው። «ያው እንደ ደንቡ ከሆነ ችግር የለውም» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የቆረጥኩት ከዚያ ደጃፍ ስወጣ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ያለ የጣት አሻራ አምኜ የሌላ ሰው ልጅ ስም ጽፌያለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም። ነሐሴ ላይ፣ ዶፍ ዝናብ ባባራበት ረፋድ፣ ኦቦ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ደጃፉ ላይ የቤተሰቡ ቦቲዎች ተደርድረዋል። ጫልቱ ጓሮ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ አሁን ሙሉ ሴት ሆናለች። ባዶ እግሯን ናት።

ኦቦ ገመቹ አርጅተዋል። ረጅሙን ሰላምታ እስከ መጨረሻው ተለዋወጥን። ከዚያ ምን ልጽፍ እንዳሰብኩ በኦሮምኛ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ስሟን ልጥራ ወይስ ልተው ብዬ ጠየቅኩ።

«ራዲዮው ይመልሰዋል?»

«አይመልሰውም። እኔ ነኝ የምመልሰው፤ በጽሑፍ።»

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ። «እግሩ የእሷ ነው። እሷን ጠይቃት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዲሬክተሩን ጠይቄያለሁ፤ መምህሯን፣ ዘበኛውን፣ አባትየውን፣ ሐኪሙን ጠይቄያለሁ። ያልቀረበልኝ ሰው እሷ ነበረች።

እግሯን እየጎተተች መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከመስታወቱ ያወጣሁትን የጋዜጣ ቁራጭ ዘረጋሁላት። ዜናው ላይ ባለው የትምህርት ቤቱ ፎቶግራፍ መስኮቱን በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ ቁራጩን አጥፋ ወደ እኔ መለሰችው። አሮጌውን ደብተር ገለጥኩላት፤ ግራው ላይ «ጫልቱ፣ ጥቁር ቦቲ»፣ ቀኙ ባዶ። ደጃፉ ላይ ወዳሉት ቦቲዎች አመለከትኩ፤ ወደ እግሯ አመለከትኩ፤ እርሳሱን አሳየኋትና ልጻፍ ወይ በሚል ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

እርሳሱን ከእጄ ወስዳ በባዶው ገጽ አናት ላይ፣ የሺ ባስተማረቻት ትልልቅ ፊደል፣ ቀስ ብላ ስሟን ጻፈች። ሦስት ፊደል ነው። እርሳሱን መለሰችልኝና ጣቷን ከስሟ በታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈች።

ይህን የጻፍኩት ከዚያ በታች ነው።